ሄርብ ጄፍሪስ፦ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፋኝ ካውቦይ

ሄርብ ጄፍሪስ ድምፅ ባላቸው የካውቦይ ፊልሞች ውስጥ በመሪ ተዋናይነት ፈረስ እየጋለበ የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከ1937 እስከ 1939 በተሠሩ ፊልሞቹ «የነሐሱ ካውቦይ» የሚል ስም አተረፈ። ከዚያ በኋላ የዱክ ኤሊንግተንን የጃዝ ኦርኬስትራ ተቀላቅሎ «ፍላሚንጎ» በተባለው ዘፈን በመላ አሜሪካ ታወቀ። ፊልሞቹ በጥቂት ቀናትና በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ሆኖም በዘር መድልዎ ዘመን ያደጉ ጥቁር ሕፃናት እነርሱን የሚመስል ጀግና በፈረስ ላይ ተቀምጦ ያዩት በእነዚህ ፊልሞች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከብት ነጂነትና ዜማ

ካውቦይ በሙያው ከብት ነጂ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ በቴክሳስ ሜዳ ጠያቂ የሌላቸው እጅግ ብዙ ከብቶች ተራብተው ነበር። በሰሜን ያሉት ከተሞች ደግሞ ሥጋ ይፈልጋሉ። በመካከል የባቡር ሐዲድ ስላልነበረ ከብቶቹን በእግር እየነዱ በካንሳስ ግዛት እንደ አቢሊን ወዳሉ የባቡር ጣቢያዎች ማድረስ ግድ ሆነ። አሥር ወይም አሥራ ሁለት የሚሆኑ ፈረሰኞች ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ከብት እየነዱ ለወራት ይጓዙ ነበር። ሥራው አቧራ፣ ጥማትና እንቅልፍ ማጣት የሞላበት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሌሊቱ ነበር። መብረቅ ሲጮህ ወይም አውሬ ሲያሸብር መንጋው ደንብሮ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም ሊረጋግጥ ይችላል። ስለዚህ ተረኞቹ ጠባቂዎች በተኛው መንጋ ዙሪያ በዝግታ እየዞሩ ለስለስ ያለ ዜማ ያዜማሉ። ከብቱ የሚያውቀውን የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል፤ ጠባቂውም እንቅልፉን ያባርራል። የካውቦይ ዘፈን መነሻው ይህ የሥራ ዜማ ነው።

ለከብት ማዜም በአፍሪካ ቀንድም የኖረ ልማድ ነው። በቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ወጣቶች እርስ በርስ ተደራርበው ቆመው ባልዲ ሲቀባበሉ የሚያዜሙት ዜማ ሥራውን በአንድ ምት ያስኬደዋል፤ ከላይ የሚጠብቀውም ከብት ተራው መድረሱን ይለይበታል። በሀርጌሳ ዙሪያና በመላው የሶማሌ ምድር ያሉ አርብቶ አደሮችም ግመል ሲያጠጡ የሚያዜሟቸው፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ የየራሳቸው ዜማዎች አሏቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ያደገ ሰውም የእረኛን ዋሽንት ያውቃል። ለዚህ አካባቢ አንባቢ የሚዘፍን ከብት ጠባቂ እንግዳ ነገር አይደለም።

በቴክሳስ ከብት ነጂዎች መካከል ጥቁሮች ብዙ ነበሩ። የታሪክ ተመራማሪዎች ከአራት ካውቦዮች አንዱ ጥቁር እንደነበረ ይገምታሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በባርነት ዘመን በቴክሳስ ከብት ሲጠብቁ፣ ፈረስ ሲገሩና ወይፈን ሲጥሉ የነበሩት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሮች ናቸው። ነፃ ሲወጡ ይህንኑ ሙያ በደመወዝ ሠሩበት። በ1854 በቴኔሲ በባርነት የተወለደው ናት ላቭ በከብት ነጂነት ብዙ ዓመት ከሠራ በኋላ በ1907 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። ባስ ሪቭስ በፌዴራል የሕግ አስከባሪነት በረሃውን እያሰሰ ወንጀለኞችን በመያዝ ስሙን አስጠራ። ቢል ፒኬት ደግሞ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ዘሎ ወይፈንን በቀንዱ ይዞ መጣልን ሮዲዮ የተባለው የካውቦዮች ውድድር ትርኢት አደረገው፤ ይህ ውድድር እስከ ዛሬ አለ።

ከታሪኩ የተለየው ፊልም

ሲኒማ የካውቦይን ታሪክ ሲወስድ ጥቁሮቹን ወደ ጎን ተዋቸው። በድምፅ አልባው ዘመን እንደ ቶም ሚክስ ያሉ ነጭ ተዋናዮች የሕፃናት ሁሉ ጀግና ሆኑ። በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም ሲጀመር ዘፈንም ገባበት። ጂን ኦትሪ በ1935፣ ቴክስ ሪተር በ1936፣ ሮይ ሮጀርስ በ1938 ተራ በተራ የዘፋኝ ካውቦይነትን ዙፋን ያዙ። የፊልሞቹ አካሄድ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። የአንድን ሰው መሬት ሊቀሙ የሚፈልጉ አሉ፤ ቆንጆ ልጅ አለችው፤ መጻተኛው ፈረሰኛ ከቀልደኛ ጓደኛው ጋር ይመጣል፤ ይዘፍናል፣ ይደባደባል፣ ያሸንፋል። አብዛኞቹ ፊልሞች አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጁ ነበሩ። የሚታዩትም ቅዳሜ ቀን፣ በአነስተኛ ዋጋ፣ ሕፃናት በሞሉባቸው አዳራሾች ነው።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ግን ሁሉም ሕፃን በአንድ በር አይገባም ነበር። ጥቁሮች በጎን በር ገብተው ሰገነት ላይ ይቀመጣሉ፤ አለዚያም ለእነርሱ ብቻ ወደተለዩ ሲኒማ ቤቶች ይሄዳሉ። በሆሊውድ ፊልም ጥቁር ሰው የሚታየው ሎሌ፣ ምግብ አብሳይ ወይም የሚሳቅበት ፈሪ ሆኖ ነበር።

ይህንን ለመቋቋም ጥቁሮች የራሳቸውን ፊልም መሥራት ጀመሩ። ሊንከን የተባለው የፊልም ኩባንያ በ1916 ተቋቋመ። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ኦስካር ሚሾ በ1919 የመጀመሪያ ፊልሙን አወጣ፤ ከዚያም ፊልሞቹን ራሱ በየከተማው እያዞረ ያሳይ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቢል ፒኬት ራሱ በድምፅ አልባ ፊልም ላይ ታይቷል። ድምፅ ከመጣ በኋላ ግን ጥቁር ካውቦይ መሪ ሆኖ የሚዘፍንበት ፊልም እስከ 1937 ድረስ አልተሠራም።

ከዲትሮይት እስከ ሺካጎ

ጄፍሪስ በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት ከተማ በሴፕቴምበር 24 ቀን 1913 ተወለደ። እናቱ የአየርላንድ ዘር ያላት ነጭ ሴት ስትሆን ክፍሎችን በማከራየት ትተዳደር ነበር። አባቱን አያውቀውም። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት አባቱ የሲሲሊ፣ የኢትዮጵያ፣ የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የሰሜን አፍሪካ ሙሮች ዘር የተቀላቀለበት ሰው ነበር። ከብዙ ዘር የተወለደው ልጅ መልኩ ቀይ ዳማ፣ ዓይኑም የጠራ ሰማያዊ ነበር። በዘመኑ ሕግና ልማድ ግን የአፍሪካ ደም ጥቂትም ቢሆን ያለበት ሰው ጥቁር ተብሎ ይቆጠራል።

ፈረስ መጋለብን የለመደው በሚሺጋን ገጠር በአያቱ እርሻ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ገና በወጣትነቱ በዲትሮይት የዳንስ አዳራሾች መዝፈን ጀመረ። እንደሚተረከው አንድ ምሽት ሉዊ አርምስትሮንግ ሲዘፍን ሰማውና በሺካጎ ለሚገኘው የባንድ መሪ ለአርስኪን ቴት የሚያሳየው ወረቀት ጽፎ ሰጠው። ወጣቱ ወደ ሺካጎ ሄዶ ሳቮይ በተባለው አዳራሽ ከቴት ባንድ ጋር ዘፈነ። ከዚያ የፒያኖው ሊቅ ኧርል ሃይንስ ወሰደው። በ1934 ከሃይንስ ኦርኬስትራ ጋር የመጀመሪያ ሸክላዎቹን አስቀረጸ።

ከሃይንስ ባንድ ጋር ወደ ደቡብ ግዛቶች ሲዞር ያየው ነገር የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው። ባንዱ በትንባሆ መጋዘኖች ውስጥ ለጥቁሮች ብቻ ይጫወት ነበር። በየከተማው ባሉት የጥቁሮች ሲኒማ ቤቶች ደግሞ ሕፃናት ታጭቀው ነጭ ካውቦይ ሲመለከቱ አየ። በኋለኛው ዘመን በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች አንድ የሚያለቅስ ጥቁር ልጅ እንዳጋጠመው ይናገር ነበር። ልጁ በጨዋታ ቶም ሚክስን ልሁን ቢል ነጮቹ የሠፈሩ ልጆች «ቶም ሚክስ ጥቁር አይደለም» ብለው ከልክለውታል። ልጁ የእውነተኞቹን ጥቁር ካውቦዮች ታሪክ የሚነግረው ሰው አልነበረውም፤ በሲኒማም አላያቸውም። ጄፍሪስ ጥቁር ዘፋኝ ካውቦይ ያለበት ፊልም ለመሥራት የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሞሃቪ በረሃ የተሠሩ ፊልሞች

ሐሳብ ነበረው፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ሎስ አንጀለስ ከገባ በኋላ ርካሽ ፊልሞችን በፍጥነት በመሥራት የሚታወቀውን ፕሮዲዩሰር ጄድ ቢዩልን አገኘና ሐሳቡን አስረዳው። ቢዩል ነገሩ ገበያ እንዳለው ገባው። መሪ ተዋናይ ሲፈለግ ጄፍሪስ ራሱን አቀረበ፤ ይጋልባል፣ ገመድ ይወረውራል፣ ይዘፍናል። የፕሮዲዩሰሩ ስጋት ሌላ ነበር፦ መልኩ ቀላ ያለ በመሆኑ ተመልካች ጥቁር ነው ብሎ አይቀበለውም ብሎ ፈራ። መፍትሔው ቀለም ሆነ። የጄፍሪስን ፊት በሜካፕ አጠቆሩት፤ ፀጉሩ እንዳይታይም ኮፍያው ከራሱ አይወርድም።

«ሃርለም በሜዳው ላይ» የሚል ትርጉም ያለው የመጀመሪያው ፊልም በ1937 በአምስት ቀን ተቀረጸ። ቦታው በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ፣ በቪክተርቪል ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ መሬይ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት የመዝናኛ እርሻ ነበር። በሌሎች ማረፊያዎች የማይስተናገዱ ጥቁሮች በዚህ እርሻ ፈረስ ይጋልቡ፣ ይዋኙ፣ ያርፉ ነበር። የቦክስ ሻምፒዮኑ ጆ ሉዊስም ከእንግዶቹ አንዱ ነበር። ጥቁሮች በባለቤትነት የያዙት መሬት ለጥቁር ካውቦይ ፊልም መቅረጫ መሆኑ ለታሪኩ ተስማሚ ነበር።

በመጀመሪያው ፊልም ከጄፍሪስ ጋር ስፔንሰር ዊሊያምስና ኮሜዲያኑ ማንታን ሞርላንድ ተጫውተዋል። ከዚያ በኋላ ዳይሬክተር ሪቻርድ ካን ሦስት ተከታታይ ፊልሞችን ሠራ። በ1938 «ባለ ሁለት ሽጉጡ የሃርለም ሰው»፣ በ1939 «የነሐሱ ካውቦይ» እና «ሃርለም በሜዳው ትጋልባለች» ወጡ። የጀግናው ስም ቦብ ብሌክ፣ የፈረሱ ስም ስታርደስክ ነው። ጄፍሪስ አደገኛ የሆኑትን ትዕይንቶች ያለ ተተኪ ራሱ ሠራ፤ ከዘፈኖቹም የጻፋቸው ነበሩ። በዘፈን የሚያጅበው ፎር ቶንስ የተባለ የአራት ሰዎች ቡድን ነው።

ታሪኮቹ የታወቀውን የካውቦይ ፊልም መንገድ ይከተላሉ። «ባለ ሁለት ሽጉጡ የሃርለም ሰው» ባልሠራው ግድያ የተከሰሰ ካውቦይን ይከተላል። በ«የነሐሱ ካውቦይ» ጀግናው የጠፋ ጓደኛውን ፍለጋ ይሄዳል፤ ከጠፋው ሰው መሬት በታች ወርቅ አለና ቀማኞች አሰፍስፈዋል። በመጨረሻው ፊልም የሚፈለገው ራዲየም የተባለው ውድ ማዕድን ነው። በረሃ ውስጥ የሚካሄዱ ታሪኮች የሃርለምን ስም የያዙት በገበያ ምክንያት ነው። በኒውዮርክ የሚገኘው የሃርለም ሠፈር በዚያ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን የባህል መዲና ስለነበር ስሙ በማስታወቂያ ላይ ሲታይ ፊልሙ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ፊልሞቹ ጉድለት ነበረባቸው። የካሜራው ሥራ ግልብ ነው፤ የአንዳንዱ ተዋናይ ንግግር የጥናት ማነስ ይታይበታል። በቀልደኛ ጓደኛው ላይ የተመሠረተው ኮሜዲም በጊዜው ጥቁሮችን ለማሳቂያነት ከሚጠቀመው መድረክ የወረሰው ነገር ነበረው። ከሁሉ የሚልቀው ቁም ነገር ግን የፊልሞቹ ዓለም አሠራር ነው። በዚያ ዓለም ሸሪፉ ጥቁር ነው፤ የእርሻው ባለቤት ጥቁር ነው፤ ቀማኛውም፣ ፍቅረኛዋም፣ ፈራጁም ጥቁር ናቸው። ከሲኒማ ቤቱ ውጭ መሬትም፣ ፍርድ ቤትም፣ የፖሊስ ጣቢያም በነጮች እጅ በነበረበት አገር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥቁር ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ሕግ ሲያስከብር ይታያል። በዚያ ሰዓት ሕፃናቱ የሚያጨበጭቡት ለራሳቸው ሰው ነበር።

ጀግና የተጠማ ዘመን

ፊልሞቹ የወጡበት ጊዜ በራሱ ትርጉም አለው። በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ጦርነቱን በየሳምንቱ ይከታተሉ ነበር። በሃርለምና በሺካጎ ሰልፍ ተደረገ፤ ገንዘብ ተሰበሰበ። ጥቁሩ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከሺካጎ ተነሥቶ አዲስ አበባ በመግባት የኢትዮጵያን አየር ኃይል አገለገለ። በጁን 1935 በዲትሮይት ያደገው ጆ ሉዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን ሲዘርረው ጥቁር አሜሪካውያን ውጤቱን ከኢትዮጵያና ከጣሊያን ፍጥጫ ጋር አያይዘው በደስታ ተቀበሉት። ሉዊስ በጁን 1937 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። የጄፍሪስ የመጀመሪያ ፊልምም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በቦክስ ሜዳና በሰማይ ላይ ጀግና ያገኘ ሕዝብ በሲኒማም ይፈልግ ነበር።

ከኮርቻ ወደ ኦርኬስትራ

ጄፍሪስ ፊልሞቹን ለማስተዋወቅ በየከተማው እየዞረ ይዘፍን ነበር። በትውልድ ከተማው በዲትሮይት ሳለ ዱክ ኤሊንግተን አየውና ወደ ኦርኬስትራው ጋበዘው። ኦርኬስትራው በዚያን ጊዜ በታሪኩ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ነበር። ባሱን ጂሚ ብላንተን፣ ቴነር ሳክስፎኑን ቤን ዌብስተር፣ አልቶውን ጆኒ ሆጅስ ይጫወታሉ፤ ወጣቱ ቢሊ ስትሬይሆርን ደግሞ ከኤሊንግተን ጎን ሆኖ ይደርሳል፣ ያቀናብራል።

ጄፍሪስ ቀደም ሲል በቀጭኑ የቴነር ድምፅ ይዘፍን ነበር። በኤሊንግተን ቤት ወፈር ወዳለውና ሞቅ ወዳለው የባሪቶን ድምፁ ወረደ፤ በቀሪ ዘመኑ የታወቀውም በዚሁ ነው። በዲሴምበር 28 ቀን 1940 በሺካጎ «ፍላሚንጎ»ን ቀረጸ። ዜማው የቴድ ግሩያ፣ ግጥሙ የኤድመንድ አንደርሰን፣ ቅንብሩ የስትሬይሆርን ነው። ስትሬይሆርን ዘፋኙ ገብቶ እስኪወጣ ኦርኬስትራው ከኋላው ብቻ እንዲያጅበው አላደረገም። መሣሪያዎቹ በየመካከሉ ቁልፉን እየቀየሩ የራሳቸውን ታሪክ ይተርካሉ፤ ድምፁ ያንን ተቀብሎ ይቀጥላል። ሸክላው በሚሊዮኖች እንደተሸጠ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ብዙ የጃዝ ሙዚቀኞች ተጫውተውታል።

በጁላይ 1941 ኤሊንግተን በሎስ አንጀለስ ማያን ቴአትር «ጃምፕ ፎር ጆይ» የተባለ የሙዚቃ ትርኢት አቀረበ። ዓላማው በመድረክና በፊልም ጥቁሮችን ሲያዋርድ የኖረውን ሎሌና ፈሪ ገጸ ባሕርይ መቅበር ነበር። ጄፍሪስና ዶሮቲ ዳንድሪጅ ከዋናዎቹ ተሳታፊዎች ውስጥ ነበሩ። ትርኢቱን ከደገፉት ሰዎች አንዱ ጄፍሪስ መልኩ እንዲጠቁር መክሮት ተቀብቶ መድረክ ላይ ቢወጣ ኤሊንግተን ተቆጥቶ እንዳስጠረገው ይተረካል። በፊልሙ ጥቁርነቱ እንዲታመን ቀለም አስፈልጎት ነበር። በኤሊንግተን መድረክ ግን ጥቁር ሰው የሚባለው ብዙ ዓይነት መልክ ያለው ሕዝብ መሆኑ በግልጽ እንዲታይ ተፈለገ።

የመልክና የምርጫ ጉዳይ

ጄፍሪስ ነጭ ነኝ ብሎ ለመኖር የሚያስችል መልክ ነበረው። ያንን መንገድ የመረጡ ሰዎች በዘመኑ ብዙ ነበሩ። ስማቸውን ቀይረው፣ ከዘመድ ርቀው፣ የተሻለ ሥራና ቤት አግኝተው ኖረዋል። እርሱ በሙያው ጥቁር ሆኖ ቆመ። ከጥቁር ባንዶች ጋር ተጓዘ፤ እነርሱ በሚያድሩበት አደረ፤ የሚከለከሉትን ተከለከለ። ይህ አቋሙ ያልተለመደ ስለነበር በ1951 ላይፍ የተባለው ትልቅ መጽሔት ጽፎበታል።

ነገሩ ሁልጊዜ ቀጥተኛ አልነበረም። በ1959 ቴምፐስት ስቶርም የተባለችውን የመድረክ ዳንሰኛ ሲያገባ በጋብቻ ማመልከቻው ላይ ዘሩን ነጭ ብሎ አስመዝግቧል። በስተርጅናውም የልደት ስሙ ኡምበርቶ አሌክሳንደር ቫለንቲኖ እንደነበረ ተናግሯል። ሰውን በደም ጠብታ የሚመድብ ሕግ ከብዙ ዘር የተወለደን ሰው ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሕይወቱ ያሳያል። በሕዝብ ፊት በመድረክና በፊልም የመረጠው ወገን ግን አልተለወጠም።

ረጅም ዕድሜ፣ ዘግይቶ የመጣ ክብር

ከኤሊንግተን ከተለየ በኋላ ጄፍሪስ በሎስ አንጀለስ በራሱ ስም ሸክላዎች አወጣ። በ1950ዎቹ በፈረንሳይ ኖሮ የምሽት ክለብ አካሄደ። በ1957 «ካሊፕሶ ጆ» በተባለ ፊልም ተጫወተ፤ በኋላም በአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች በእንግድነት ታየ። የካውቦይ ፊልሞቹ ግን ለብዙ ዘመን ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር የሚያስታውሳቸው አልነበረም።

ክብሩ የመጣው በእርጅናው ነው። በ1995 ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ «የነሐሱ ካውቦይ ዳግም ይጋልባል» የሚል ርእስ ያለው የካውቦይ ዘፈኖች አልበም አወጣ። በ2004 ስሙ በሆሊውድ የዝነኞች መንገድ ላይ በኮከብ ተቀረጸ። በዚያው ዓመት በኦክላሆማ ሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የካውቦይ ሙዚየም ከታላላቅ የምዕራብ ፊልም ተዋናዮች መዝገብ አስገባው። በሜይ 25 ቀን 2014 በካሊፎርኒያ ዌስት ሂልስ በ100 ዓመቱ አረፈ።

ኤሊንግተን በአዲስ አበባ

ጄፍሪስን ለዓለም ያስተዋወቀው ኦርኬስትራ ከኢትዮጵያ ጋርም ተገናኝቷል። ኤሊንግተን በኖቬምበር 1973 በአሜሪካ መንግሥት በተዘጋጀ የባህል ጉዞ አዲስ አበባ መጥቶ ኦርኬስትራውን አጫወተ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የክብር ኒሻን ተቀበለ። በቆይታው በጅማ ተወልዶ በብሪታንያና በአሜሪካ ሙዚቃ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ከእርሱ ጋር ሠርቷል። ሙላቱ በ1960ዎቹ በኒውዮርክ ሸክላዎች ካወጣ በኋላ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝ አቀነባበር ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ስልት አበጅቶ ነበር። ኤሊንግተን ከዚያ ጉብኝት በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በሜይ 24 ቀን 1974 አረፈ።

ሙላቱና ጄፍሪስ የተጓዙበት መንገድ የተለያየ ቢሆንም የሠሩት ሥራ ይቀራረባል። ጄፍሪስ ነጮች የራሳቸው ያደረጉትን የፊልም ዓይነት ወስዶ የወገኖቹን ፊት አሳየበት። ሙላቱ ደግሞ ከአሜሪካ ጥቁሮች የመጣውን ሙዚቃ ወስዶ የኢትዮጵያን ቅኝት አሰማበት። ሁለቱም የተቀበሉትን ቅርጽ እንዳለ አልደገሙትም፤ የራሳቸውን ታሪክ ተናገሩበት።

የጠፋውና የተረፈው

ለጥቁር ተመልካች ከተሠሩት የዚያ ዘመን ፊልሞች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በየሲኒማ ቤቱ ሲዞሩ የተበጣጠሱ፣ በመጋዘን የተቃጠሉ፣ ባለቤት አጥተው የተጣሉ ብዙ ናቸው። በ1983 በቴክሳስ ታይለር ከተማ በአንድ መጋዘን የተገኘው የጥቁሮች ፊልም ክምችት ለተመራማሪዎች ትልቅ ግኝት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የካን ሦስት ፊልሞች ተርፈው ዛሬ ማንም ሊያያቸው ይችላል።

ለአፍሪካ ቀንድ የሚቀርበው የማዳን ምሳሌ ሀርጌሳ ውስጥ ነው። በ1988 የሶማሊያው የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በአውሮፕላን ሲደበድብ የሬዲዮ ሀርጌሳ ሠራተኞችና የሙዚቃ ወዳጆች የዘፈን ካሴቶችንና ቴፖችን ከፊሉን ቀበሩ፣ ከፊሉን ወደ ጎረቤት አገሮች አሻገሩ። ከጦርነቱ በኋላ የወጡት ቅጂዎች ተሰባስበው ዛሬ በከተማዋ በሚገኘው ሬድ ሲ የባህል ማዕከል ከአሥር ሺህ በላይ ካሴቶች ይገኛሉ። በ2017 ከዚህ ክምችት የተመረጡ ዘፈኖች በአልበም ወጥተው ለግራሚ ሽልማት ታጭተዋል። የተቀበረ ቴፕ አንድ ሕዝብ ድምፁን እንዳያጣ አድርጓል።

በኢትዮጵያም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተቀረጹ ሸክላዎች፣ የቴአትር ቤት ቅጂዎችና የቀድሞ ፊልሞች በግለሰቦች ቤትና በየተቋማቱ መደርደሪያ ላይ አሉ። እድሜያቸው በገፋ ቁጥር ይበላሻሉ። በቤቱ የቆየ ሸክላ፣ ቴፕ ወይም የፊልም ጥቅል ያለው ሰው ሳይጥለው በፊት ይዘቱን አስመርምሮ በዲጂታል ቢያስቀዳው ለመጪው ትውልድ ትልቅ ውለታ ይሆናል። የሄርብ ጄፍሪስ ፊልሞች በጥቂት ቀናት በረሃ ውስጥ ተሠርተው ዛሬ ድረስ ቁም ነገር ያላቸው የተቀመጠ ቅጂ ስላላቸው ነው። ጄፍሪስ ጥቁር ሕፃናት ጀግና የሆነ ሰው ሊመስሉ እንደሚችሉ በዘመኑ አሳይቷቸዋል፤ ይህ ብቻውን በሆሊውድ ታሪክ ውስጥ የክብር ቦታ ያሰጠዋል።